የሊቲየም ባትሪ ጠባይና አያያዙ

በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ የባትሪ ድንጋይን ያውቃል። የራዲዮኑ ድምፅ ሲሰልል ወይም የእጅ ባትሪው ብርሃን ሲደክም ድንጋዩ ከቤቱ ይወጣና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ይህ ያልበቃ እንደ ሆነም በጥርስ ይነከሳል፤ አለዚያም በጠጠር ቀስ ተደርጎ ይመታል። ከዚያም ወደ ቦታው ሲመለስ ራዲዮኑ ለአንድ ምሽት ያህል እንደ ገና ይናገራል። ይህን ልማድ ከንቱ ነው ብለን አንነቅፈውም። ሙቀቱ በድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ቅመም ጥቂት ያነቃቃዋልና። ጉዳቱም ብዙውን ጊዜ የሚያዝግ ውሀ አንጠባጥቦ የራዲዮኑን ሽቦ ከማበላሸት አያልፍም።

ችግሩ ልማዱ ከድንጋዩ ይልቅ ዕድሜው መርዘሙ ነው። ዛሬ በኪሳችን፣ በራስጌያችንና በቢሮ ጠረጴዛችን ላይ የሚገኘው ባትሪ ድንጋዩ አይደለም፤ ሊቲየም የሚባለው ነው። በስሙም በሥራውም የድንጋዩ ወራሽ ስለሚመስል ሰው ድንጋዩን ይይዝበት በነበረው እጅ ይይዘዋል። ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ሲያብጥ ይጫነዋል፤ ሲደክም ይፈታዋል፤ ሲሞትም ከጥራጊ ጋራ እሳት ውስጥ ይጥለዋል። ድንጋዩ በአመዛኙ የታገሠው ይህ አያያዝ በሊቲየም ላይ ሲሆን ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ባትሪ ጠባይ ከሥሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለነገሩ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ መቲን እናንሣ። መቲ በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ ናት። የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር በሞቃቱ ቆላ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፥ መቲ ግን ዝናብ የሚበዛባት የደን አገር ናት። ይህን ደን ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ተርታ አስገብቶታል። የአገሩ ሀብት ቡናና ማር ነው፤ የማጃንግ ሰዎች ከግንድ ፈልፍለው የሠሩትን ቀፎ በረዣዥም ዛፎች ላይ እየሰቀሉ ማር መቁረጥን ከጥንት ጀምሮ የተካኑ ናቸው።

እንዲህ ባለው የደን አገር የመብራት መስመር ከዋናው መንገድ ርቆ ለመግባት ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለሆነም ከከተማ ወጣ ባለ ቀበሌ የሚኖር ሰው ብርሃን የሚያገኘው በጣራ ላይ ከምትቀመጥ አነስተኛ የሶላር ሰሌዳና ከእርስዋ ጋራ በሽቦ ከተያያዘች ባትሪ ነው። የተማሪው የማታ ጥናት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛይቱ ታብሌት፣ የቡና ነጋዴው ስልክ በዚህች ባትሪ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ትምህርቱን ጨርሶ ወደዚያ የሚመደብ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛም ሥራው የግብርናም ይሁን የሒሳብ፥ «ተምሯልና ያውቃል» ተብሎ ስለ ባትሪ የሚጠየቀው እሱ ነው። ምን ብሎ እንደሚመልስ ማወቅ አለበት።

ሊቲየም ከብረት ወገን ሁሉ ክብደቱ ቀላሉ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 አርፍቬድሶን የተባለ ስዊድናዊ አገኘው፤ ነገር ግን በገበያ ላይ የሚሸጥና ተመላልሶ የሚሞላ ባትሪ ሆኖ የወጣው ከብዙ ዘመን በኋላ በ1991 ሲሆን፥ ያወጣውም የጃፓኑ የሶኒ ኩባንያ ነው። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ጉዲናፍ በዚያን ጊዜ የ97 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእርሳቸው በዕድሜ የገፋ ሰው ኖቤል ተሸልሞ አያውቅም። ይህን በነገራችን መካከል ያነሣነው ትምህርት ዘግይቶም ፍሬ እንደሚሰጥ ለሚጠራጠር ተማሪ ይጠቅመዋል ብለን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመለስ። አንድ የባትሪ ድንጋይ የሚሰጠው ኃይል 1.5 ቮልት ነው። አንዲት የሊቲየም ሴል ግን ወደ 3.7 ቮልት ትሰጣለች፤ በደንብ ስትሞላም 4.2 ቮልት ትደርሳለች። ልዩነቱ የቁጥር ብቻ ቢመስልም ጠባዩን ሁሉ የሚለውጠው ይህ ቁጥር ነው። ምክንያቱም ድንጋዩም ሆነ የመኪናው ባትሪ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ውሀ ያለበት ነው፤ ውሀ ደግሞ ከሁለት ቮልት እምብዛም ያለፈ ኃይል ሲጫነው አይችልም፤ ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክሲጅን ይበታተናል። ስለዚህ የሊቲየም ባትሪ ሠሪዎች ውሀን ጨርሰው ትተው፥ ከፍ ያለውን ቮልት የሚችል ሌላ ፈሳሽ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ያገኙት ፈሳሽ ቮልቱን ይችላል፤ ነገር ግን እንደ ቤንዚን ተቀጣጣይ ነው። እንግዲህ በኪሳችን የምንይዘው ዕቃ ብዙ ኃይልና ጥቂት ነዳጅ በአንድ ጠባብ ቤት ያኖረ ነው ማለት ነው።

በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለው ጎን ለጎን ይተኛሉ። በመካከላቸው ያለው አጥር ከሰው ፀጉር እጅግ የሚሳሳ የፕላስቲክ ገለፈት ብቻ ነው። ይህ ገለፈት ቢበሳ፣ ቢጨፈለቅ ወይም በሙቀት ቢሟሽሽ ሁለቱ ወገኖች ይገናኛሉ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ኮንታክት የሚሉት ነገር በባትሪው ሆድ ውስጥ ይፈጠራል። ኮንታክቱ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ ቅመሙን ያፈርሰዋል፤ የፈረሰው ቅመም የባሰ ሙቀት ይወልዳል። ወደ 130 ዲግሪ ሲደርስ የቀረው ገለፈት ይቀልጣል፤ ከዚያም በላይ ሲሆን ፖዘቲቩ ራሱ ኦክሲጅን መልቀቅ ይጀምራል። ሙቀት ሙቀትን እየወለደ የሚሮጥበት ይህ ሁኔታ አንድ ጊዜ ከጀመረ ሰው ሊያቆመው አይችልም ቢባል ማጋነን አይደለም። እሳቱን በብርድ ልብስ አፍኖ ለማጥፋት መሞከርም ከንቱ የሚሆነው፥ የሚያቀጣጥለውን አየር ከራሱ ስለሚያገኝ ነው።

ይህን ስንጽፍ አንባቢያችን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እንዲጥል አንፈልግም። የማጃንጉ ማር ቆራጭ ንብን ይፈራል? አይፈራም፤ ነገር ግን ሳያጨስ ቀፎ አይከፍትም። በደንብ የተሠራና ያልተጎዳ የሊቲየም ባትሪ ዘመኑን ጨርሶ በሰላም የሚሞት ነው። አደጋው ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ነው፤ ጉዳቱም አንዳንድ ጊዜ ዓይን የማያየው ትንሽ ነገር ነው። የዚህን ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የራሳችን አየር መንገድ ያየው ነውና።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 የተባለውን ድሪምላይነር አይሮፕላን ከጃፓኖች በስተቀር ከማንም ቀድሞ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ መረከቡ የታወቀ ነው። ይህ አይሮፕላን ታላላቅ የሊቲየም ባትሪዎች አሉት። ታኅሣሥ 29 ቀን 2005 ዓ.ም.፥ በእኛ የገና ዕለት፥ የጃፓን አየር መንገድ አንድ 787 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ቆሞ ሳለ ባትሪው ተቃጠለ። ጥር 8 ቀን ደግሞ የሌላው የጃፓን ኩባንያ፥ የኦል ኒፖን አይሮፕላን ባትሪው በበረራ ላይ ጨሶ ታካማትሱ በተባለ ሥፍራ በችኮላ ለማረፍ ተገደደ። ወዲያው በዓለም ላይ ያሉት 787 አይሮፕላኖች ሁሉ እንዳይበሩ ሆነ፤ የኛዎቹም አራቱ ቆሙ። ቦይንግ በሴሎቹ መካከል መከላከያ አበጅቶ፣ ባትሪውን በብረት ሣጥን ዘግቶ፣ ጭስ ቢነሣ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቧንቧ ከሠራለት በኋላ፥ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዓለም አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ መንገደኞችን በ787 ያበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። በረራውም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ነበር።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎ ነበር። ነገር ግን ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ንግሥተ ሳባ የሚል ስም የተሰጠው የአየር መንገዳችን 787 መንገደኞቹን በማለዳ ለንደን አራግፎ በሂትሮው አይሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ሳለ፥ ከሰዓት በኋላ ከኋላ በኩል ከጣራው ጭስ ሲወጣ ታየ። በውስጡ ሰው አልነበረም፤ ኤሌክትሪኩም ጠፍቶ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ወደ ውስጥ ሲገቡ እሳቱ ከኮርኒሱ በላይ መሆኑን አዩ። በመጀመሪያ በጋዝ በሚሠራው የእጅ ማጥፊያ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ኮርኒሱን አስለቅቀው ውሀ ሲረጩበት ግን ጠፋ። በዚህ ምክንያት ከዓለም ታላላቅ የአይሮፕላን ማረፊያዎች አንዱ የሆነው ሂትሮው ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተዘጋ።

ሁሉም ሰው ያን ታላቁን ባትሪ ጠረጠረ። እሱ ግን በዚህ ጊዜ ምንም አላጠፋም። የብሪታንያ የአይሮፕላን አደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ሁለት ዓመት መርምሮ በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት እንደ ገለጸው፥ እሳቱ የተነሣው አይሮፕላን ቢወድቅ የወደቀበትን ሥፍራ ለማመልከት ከተቀመጠ አንድ አነስተኛ ራዲዮ ነው። የዚህ ራዲዮ ባትሪ አምስት ሴሎች ያሉት፣ የማይሞላው ዓይነት የሊቲየም ባትሪ ነበር። የባትሪው ሁለት ሽቦዎች ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ተገኙ። ክዳኑ የተገጠመ ዕለት ምንም አልሆነም። ከጊዜ በኋላ ግን የተቆነጠጠው ሽቦ ኮንታክት ሳይፈጥር እንዳልቀረ መርማሪዎቹ ደመደሙ፤ አንዲት ሴል ጋለች፣ ጎረቤቶችዋንም አስከተለች። አደጋው በሰማይ ላይ ሳይሆን በመሬት መድረሱ ዕድል ነው። አይሮፕላኑም ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ይህን ታሪክ በሰፊው ያቀረብነው ያለ ምክንያት አይደለም። እያንዳንዱ ብሎን በቁጥር በሚታወቅበት በአይሮፕላን ሥራ እንኳ ከክዳን ሥር የተቆነጠጠች ሽቦ ካመለጠች፥ በየከተማችን በአንድ ሜትር ጠረጴዛ ላይ በመፍቻና በመቆንጠጫ ስልክ የሚፈታ ወጣት ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት ማሰብ ነው። የስልክ ጥገና የተከበረ ሥራ ነው፤ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። ይሁን እንጂ ተለጥፎ የተያዘ ባትሪን በሹል ብረት ፈልቅቆ ማውጣት፣ የጀርባውን ክዳን ሽቦው ሳይስተካከል በግድ ተጭኖ መዝጋት፣ ከሁሉም ይልቅ ያበጠን ባትሪ በመርፌ ወግቶ ማስተንፈስ ከዚያ ከለንደኑ ሽቦ ጋራ አንድ ናቸው። ባትሪ የሚያብጠው ቅመሙ መፍረስ ጀምሮ ጋዝ ስለ ወለደ ነው። መርፌው ጋዙን ሲያስወጣ ያንን ስስ ገለፈት አብሮ ይበሳል። ያበጠ ባትሪ ሕክምና የለውም፤ ስልኩ ይጠፋል፤ ባትሪው ሳይወጋና ሳይጫን በሚያውቅ ሰው ይወጣል፤ በአዲስ ይተካል። «ገና ይሠራል» የሚለው ምክንያት አይሆንም፤ የሚቃጠለውም ብዙውን ጊዜ ገና እየሠራ ነውና።

አይሮፕላን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ በአይሮፕላን የሚመላለስ ሰው ፓወር ባንኩን ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስገባም፤ በእጁ ይይዘዋል። ይህ ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። ምክንያቱም በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ቢቀጣጠል የሚያየው ሰው የለም፤ በመንገደኞች ክፍል ግን አስተናጋጆቹ ውሀም ትምህርትም አላቸው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ያለ ፈቃድ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 ድረስ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 20 ሺህ ሚሊ አምፔር-ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛና ለሺህ ሲካፈል 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በ300 ብር የተገዛና 100 ሺህ ተብሎ የተጻፈበት ግን ከስሌቱ በፊት ጽሑፉ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ብዙ ሰው ሌሊት ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ከትራሱ ሥር ወይም ከፍራሹ ላይ ጥሎ ይተኛል። ባትሪ ሲሞላ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል፤ ትራስና ጋቢ ደግሞ የተሠሩት ሙቀትን ለማስቀረት ነው። ስልክ የሚሞላበት ቦታ ደረቅ ሰሌዳ፣ ሲሚንቶ ወይም የሸክላ ሳህን ላይ ይሁን፤ ሣር ክዳን ባለው ቤት ከግድግዳውና ከጣራው ራቅ ይበል። ባትሪውን ከስልኩ አውጥቶ በሁለት የብረት ጥፍር በሚቆነጥጥ ርካሽ ቻርጀር መሙላትም መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ስልኩ ባትሪው ሲሞላ የሚያቆም ዘበኛ በውስጡ አለው፤ ያ ርካሽ መቆንጠጫ ግን ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ያለ አስተማማኝ ዘበኛ የለውም።

የመቲን ዝናብም መርሳት አይገባም። ስልክ ውሀ ሲገባበት ከምድጃ ዳር ወይም ቡና ከሚሰጣበት አልጋ ላይ ፀሐይ እንዲመታው ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ውሀው ይደርቅ ይሆናል፤ ባትሪው ግን ይጋገራል። እርጥብ ስልክ ይጠፋል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ሳይደርቅ ቻርጅ አይሰካበትም። ወደ ጋምቤላ ቆላ የሚወርድ ሰው ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ከመኪናው መስተዋት ሥር ትቶ መውረድ የለበትም፤ የተዘጋ መኪና ውስጡ እንዴት እንደሚጋገር የገባበት ያውቀዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ልናተኩርበት የምንወደው ግን የሶላሩን ነገር ነው፤ ብልህ ነን የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነውና። አንድ ቤት የነበረው የእርሳስ ባትሪ ይሞታል። አዲስ መግዛት ውድ ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ የሊቲየም ሴሎች ግን በርካሽ ይገኛሉ። እጀ ብልሁ ሰው ሦስቱን በተርታ አያይዞ «12 ቮልት ሆነ» ይላል፤ ከዚያም የእርሳሱ ባትሪ ከነበረበት መቆጣጠሪያ ጋራ ያገናኘዋል። ተማሪ ሁሉ ይህን ሊያሰላው ይችላል። አንዲት ሴል በሙላት የምትችለው 4.2 ቮልት ነው፤ ሦስቱ 12.6 ይሆናሉ። ለእርሳስ ባትሪ የተሠራው መቆጣጠሪያ ግን 14.4 ቮልት እስኪደርስ ድረስ መሙላቱን አያቆምም። 14.4 ለሦስት ሲካፈል 4.8 ነው። እያንዳንዷ ሴል ከአቅሟ በላይ ከግማሽ ቮልት የበለጠ ተጨነቀች ማለት ነው። መቆጣጠሪያውን ጨርሶ ትቶ ሰሌዳውን በቀጥታ ያገናኘ እንደ ሆነማ፥ 12 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው ሰሌዳ በጠራ ፀሐይ ባዶውን ሲለካ ወደ 21 ቮልት ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በቀን፥ ሰው ቡና ለቀማ ወይም ቢሮ በሄደበት፥ ልጆች ብቻ በቤት ባሉበት ሰዓት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሊቲየም ባትሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ለሶላር ተስማሚው ፖዘቲቩ ከብረትና ከፎስፌት የተሠራው ዓይነት ነው። የዚህ ሴል ቮልት ዝቅ ያለ፥ 3.2 ብቻ ሲሆን፥ ሲሞላም ከ3.65 አያልፍም። አራቱ ሲያያዙ 14.6 ስለሚሆኑ ለ12 ቮልት ሥራ ይገጥማል። ሲሞቅም እንደ ሌላው ኦክሲጅኑን በቀላሉ አይለቅም፤ ስለዚህ ቁጣው የበረደ ነው። ዕድሜውም የረዘመ ነው። ሲገዛ ውድ ቢመስልም ባትሪው ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ መቆጣጠሪያውም ለዚያው ዓይነት የተሠራ መሆኑን ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል። በባትሪው ውስጥ ያለችውን የጥበቃ ካርድ «ኃይል ያንሳል» ብሎ ማንሣት ከቶ የማይገባ ነገር ነው፤ እርስዋ ከተነሣች ባትሪው ሲበዛበትም ሲያልቅበትም የሚናገርለት የለም።

በመሥሪያ ቤት መጋዘን ታብሌትና ላፕቶፕ የተረከበ ወጣት ሠራተኛም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ድንጋዩ ሙሉውን ይቀመጣል፤ ሊቲየም ግን ሙሉውንም ባዶውንም መቀመጥ አይወድም። ሙሉ ሆኖ በሙቀት ቦታ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከችሎታው ሲሶ ያህሉን ሊያጣ ይችላል፤ ባዶውን የተቀመጠ ደግሞ ጭራሽ ይሞታል፤ እንዲህ የሞተውን በግድ ለማስነሣት መሞከርም አደገኛ ነው። በግማሽ አካባቢ ሞልቶ፥ ከቆርቆሮ ጣራው ሥር ሳይሆን ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ማኖርና በየሦስት ወሩ ማየት የመንግሥትን ንብረት ማዳን ነው።

በአዲስ አበባ ያለው አንባቢያችን ይህ የገጠር ነገር ነው እንዳይል እንፈራለን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በርክተዋል፤ የእነዚህም ባትሪ በአያሌ ሴሎች የተሞላ ነው። የሊቲየሙ ማዕድን ራሱ በጉጂ ምድር በቀንጢቻ ይገኛል። ነገሩ የሁላችንም ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው እንጂ፥ ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ እሳቱ ከመጣ ምን ይደረጋል? ባትሪው ከሞቀና ካበጠ፥ ነገር ግን ገና ካልጨሰ፥ ከመስመሩ ተነቅሎ በአካፋ ወይም በብረት ድስት ወደ ውጭ፥ ሣር ወደሌለበት መሬት ይወሰዳል። ካፏጨ ወይም ከጨሰ ግን ከሁሉ በፊት ልጆችና አዛውንቶች ይውጡ፤ ጭሱ ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ አለበትና ጎንበስ ብሎ ለማየት መሞከር አያስፈልግም። ስልክንና ፓወር ባንክን የመሰለ ትንሽ ባትሪ የሚጠፋው በብዙ ውሀ ነው። «ሊቲየም ውሀ ሲነካው ይፈነዳል» የሚለውን ከኬሚስትሪ ክፍል ይዞ የወጣ ተማሪ ይኖራል፤ ያ ለንጹሑ ብረት እውነት ነው፤ በስልክ ባትሪ ውስጥ ግን ንጹሕ ሊቲየም እምብዛም የለም። የውሀው ሥራ ማቀዝቀዝ ነው፤ ስለዚህ ነበልባሉ ከጠፋም በኋላ ባትሪው እስኪበርድ ድረስ ማፍሰሱ አይቋረጥ፤ የጠፋ የመሰለው ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ይችላልና። ከመብራት መስመር ጋራ የተያያዘ እንደ ሆነ አስቀድሞ ቆጣሪው ይጥፋ። የመኪናና የትልቅ ሶላር ባትሪ ግን የባልዲ ሥራ አይደለም፤ ርቆ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ነው።

የቀረው የሞተው ባትሪ ጉዳይ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ቆሻሻ አወጋገድ ደንብ አውጥቷል። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ደንብ በራሱ እግር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መቲ አይገባም፤ የሚያስገባው እዚያ ያለው ወጣት ሹም ነው። ጥራጊ በየግቢው በሚቃጠልበት አገር አንድ የስልክ ባትሪ ከቅጠሉ ጋራ እሳት ውስጥ ቢገባ ፈንድቶ በዙሪያው የቆመውን ልጅ ዓይን ያጠፋል፤ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ከደኑ ውስጥ ቢጣልም ቅመሙ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ወጪው ብዙ አይደለም። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ አንድ ክዳን ያለው የብረት ሣጥን ይቀመጥ፤ ግማሹን ደረቅ አሸዋ ይሙሉት። ባትሪ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር ሸፍኖ፥ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ በአሸዋው ውስጥ ያስቀምጣቸው። የስልክ ጠጋኞችም ያበጡትን ወደዚያው ያምጡ። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ሣጥኑን ጭኖ እንዲያደርስ ቀኑ አስቀድሞ በደብዳቤ ይያዝለት። ሣጥኑ ግን ከነዳጅ በርሜል፣ ከቡና መጋዘንና ከመዝገብ ቤቱ ራቅ ብሎ፥ ዝናብ በማያገኘው ጥላ ሥር ይሁን።